በራስ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ሶፍትዌርን በስሪት ታግ በጥንቃቄ ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ኔክስትክላውድን (የፋይል ማጋሪያ)፣ ጊትላብን (የኮድ ማስተዳደሪያ)፣ ሙድልን (የትምህርት መድረክ) ወይም ሌላ መሰል ሶፍትዌርን በራሳቸው ሰርቨር ላይ ጭነው ለሚያስተዳድሩ ሰዎች ነው። ማብራሪያው ደጋግሞ ወደ አንድ ምሳሌ ይመለሳል፤ ይኸውም በዶከር ኮምፖዝ (የታሸጉ ፕሮግራሞችን በአንድ የውቅር ፋይል በሚያስነሣ መሣሪያ) የሚነሣ፣ ፋይሎችን በዲስክ ላይ፣ መዝገቡን ደግሞ በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስቀምጥ ኔክስትክላውድ ነው። ምሳሌው አንድ ይሁን እንጂ አሠራሩ በዳታቤዝ ላይ ለቆመ ለማንኛውም ሶፍትዌር ያገለግላል።

የስሪት ታግ ምንድን ነው?

የሶፍትዌር አዘጋጆች ሥራቸውን ጨርሰው ለተጠቃሚ ሲያወጡ በዚያ ጊዜ ያለውን ኮድ ከሌላው የሚለይ ስም ይሰጡታል፤ ይህ ስም ታግ ይባላል። የኮድ ለውጦች በሚመዘገቡበት በጊት ማከማቻ ውስጥ ታግ አንድን ኮሚት፣ ማለትም አንድን የተመዘገበ የኮድ ለውጥ፣ ያመለክታል፤ በዶከር ማከማቻ ውስጥ ደግሞ አንድን ኢሜጅ፣ ማለትም ከነሚያስፈልገው ሁሉ የታሸገ ፕሮግራም፣ ያመለክታል። በኮምፖዝ ፋይል ላይ ከኢሜጁ ስም ቀጥሎ፣ ከሁለቱ ነጥቦች (:) በኋላ የሚጻፈው 29.0.7 ወይም 16.6 የመሰለ ቁጥር ይኸው ታግ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት አንድ ነጥብ አለ። ታግ የሚወስነው ፕሮግራሙን ብቻ ነው። የተጠቃሚዎች ፋይሎች፣ የዳታቤዙ ሰንጠረዦችና የውቅር ፋይሎች ከኢሜጁ ውጭ በቮሊዩም (ፕሮግራሙ ቢለወጥም በሚቆይ የዲስክ ቦታ) ላይ ስለሚቀመጡ ታጉን በመለወጥ ብቻ አይለወጡም፤ አዲሱ ፕሮግራም ተነሥቶ ሥራ ሲጀምር ግን እርሱ ይለውጣቸዋል። ከዚህ በታች ካሉት መልሶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ልዩነት ነው።

«ሌቴስት» የሚለውን ታግ መጠቀም የማይመከረው ለምንድን ነው?

ቃሉ «የመጨረሻው» ማለት ስለሆነ ብዙዎች ዘወትር አዲሱን ስሪት የሚያመጣ ልዩ ትእዛዝ ይመስላቸዋል። ነገር ግን «ሌቴስት» ተጠቃሚው ምንም ታግ ሳይጽፍ ሲቀር ዶከር በራሱ የሚሞላው ተራ ስም ነው፤ አዘጋጆቹም በፈለጉት ኢሜጅ ላይ ሊያደርጉት ይችላሉ። በሰርቨርዎ ላይ ቀድሞ የወረደ «ሌቴስት» ካለ ደግሞ፣ እንዲያወርድ ካልታዘዘ በቀር፣ ዶከር አዲስ መኖር አለመኖሩን ሳይጠይቅ ያንኑ አሮጌውን ያስነሣል። ስለዚህ በፋይላቸው ላይ አንድ ዓይነት ቃል የተጻፈባቸው ሁለት ሰርቨሮች ሁለት የተለያዩ ስሪቶችን ሊያሠሩ ይችላሉ፤ ፋይሉን ብቻ የሚያነብ ሰውም ይህን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለውም።

ከዓመታት በፊት እኔ በማስተዳድረው ሰርቨር ላይ የፖስትግሬስ ኢሜጅ ያለ ታግ ተጽፎ ነበር። አገልግሎቱን ወደ ሰፊ ዲስክ ወዳለው ሌላ ማሽን ስናዛውር አዲሱ ማሽን ኢሜጁን እንደ አዲስ አወረደ፤ በመካከሉ የፖስትግሬስ ዋና ስሪት ተለውጦ ስለነበር ዳታቤዙ የመረጃ ፋይሎቹ ከዚህ ስሪት ጋር እንደማይጣጣሙ ገልጾ ሳይነሣ ቀረ። መረጃው አልጠፋም፤ ሆኖም ቀድሞ ይሠራ የነበረው የትኛው ስሪት እንደሆነ የተጻፈበት ቦታ ስላልነበረ፣ ፖስትግሬስ ራሱ በመረጃ ማህደሩ ውስጥ ስሪቱን የሚጽፍበትን ትንሽ ፋይል ፈልገን እስክናገኝ ድረስ የሰዎች ሥራ አንድ ሙሉ ቀን ቆመ። ከዚያ ቀን ወዲህ ታግ ያልተጻፈበት የኮምፖዝ ፋይል ሳይ ሳላስተካክለው አላልፍም።

በነጥብ የተለያዩት ሦስት ቁጥሮች ምን ይነግሩናል?

ሴማንቲክ ቨርዥኒንግ የሚባለውን ደንብ በሚከተል ሶፍትዌር የመጀመሪያው ቁጥር ሲጨምር ከቀድሞው ጋር የማይጣጣም ለውጥ መኖሩን፣ ሁለተኛው ሲጨምር የቀድሞውን ሳያፈርስ አዲስ አገልግሎት መታከሉን፣ ሦስተኛው ሲጨምር ደግሞ የስሕተት እርማት ብቻ መደረጉን ያመለክታል። የመጀመሪያው ቁጥር 0 ከሆነ ሶፍትዌሩ ገና በግንባታ ላይ ስለሆነ ማንኛውም ነገር በማንኛውም ጊዜ ሊለወጥ ይችላል።

ሁሉም ግን በዚህ ደንብ አይሄድም። ኡቡንቱ 24.04 ሲል ዓመቱንና ወሩን መናገሩ ነው፤ ሆም አሲስታንትም እንዲሁ ዓመትና ወር ይጠቀማል፤ በእነዚህ ላይ ቁጥሩ ስለ ለውጡ ክብደት ምንም አይነግርዎትም። ፖስትግሬስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 10ኛው ስሪት ጀምሮ ሁለት ቁጥሮችን ብቻ ይጠቀማል፦ በ16.6 ላይ 16 ዋናው ስሪት ሲሆን 6 የእርማት ስሪት ነው። ከዚያ በፊት 9.5 እና 9.6 ሁለት የተለያዩ ዋና ስሪቶች ስለነበሩ በአሮጌ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ሰው ይህን መለየት ይኖርበታል።

ቁጥሩ የአዘጋጆቹ ቃል ኪዳን እንጂ ዋስትና አይደለም። የእርማት ስሪት እንኳ ችግር ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ራሱ ፖስትግሬስ አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2024 የወጣው 16.5 አንዳንድ ተጨማሪ ሞጁሎች ከሰርቨሩ ጋር የሚግባቡበትን የውስጥ አወቃቀር በመለወጡ፣ ልክ በሳምንቱ ኖቬምበር 21 ቀን 16.6 ከመደበኛው መርሐ ግብር ውጭ ሊወጣ ግድ ሆኗል። የእርማት ስሪትን በወጣበት ሰዓት ከመጫን ይልቅ፣ አስቸኳይ የደህንነት እርማት እስካልያዘ ድረስ፣ ጥቂት ቀናት መጠበቅ ተገቢ ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ታጉን ምን ያህል ዘርዝሬ ልጻፈው?

አንድ ኢሜጅ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ታግ አለው። ለምሳሌ 16፣ 16.6 እና 16.6-ቡክዎርም በአንድ ወቅት ሦስቱም ወደ አንድ የፖስትግሬስ ኢሜጅ ያመለክቱ ይሆናል። በጊዜ ሂደት ግን መንገዳቸው ይለያያል፤ 16 የሚለው አዲስ እርማት በወጣ ቁጥር ወደ አዲሱ ይዛወራል፣ 16.6 የሚለው በዚያው የፖስትግሬስ ስሪት ላይ ይቆያል፣ ሦስተኛው ደግሞ ኢሜጁ የተሠራበትን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጭምር፣ በዚህ ምሳሌ ዴቢያን ቡክዎርምን፣ ያጸናል።

ብዙዎች ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቃል ለማሳመር የተጨመረ አድርገው ይዘሉታል። ለዳታቤዝ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። ፖስትግሬስ ጽሑፍን በቅደም ተከተል የሚደረድርበትን ሕግ በተለመደው አሠራሩ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች ከሚጋሩት ዝግጁ ኮድ) ይወስዳል። ኢንዴክሶቹ (ፍለጋን የሚያፋጥኑት የዳታቤዙ ማውጫዎች) የሚሠሩት በዚያ ቅደም ተከተል መሠረት ስለሆነ፣ ከሥር ያለው ላይብረሪ ሲለወጥ በአሮጌው ሕግ የተደረደረው ኢንዴክስ በአዲሱ ሕግ መፈለግ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ በሰንጠረዡ ውስጥ ያለ ስም ሲፈለግ «የለም» ሊባል፣ ሁለት ጊዜ መግባት የማይገባው መዝገብም ሁለት ጊዜ ሊገባ ይችላል። ዴቢያን ከ9 ወደ 10 ሲሸጋገር፣ የላይብረሪው ስሪትም 2.28 ላይ ሲደርስ፣ ይህ በስፋት ታይቷል። ከዴቢያን ወደ አልፓይን (ሌላ የሊኑክስ ዓይነት) መዛወርም ላይብረሪውን ጨርሶ ስለሚቀይር ተመሳሳይ አደጋ አለው። እንዲህ ያለ ለውጥ ካደረጉ በኋላ ጽሑፍ በያዙ ዓምዶች ላይ ያሉ ኢንዴክሶችን እንደ አዲስ ማሠራት የግድ ነው።

የእኔ ምክር እንደሚከተለው ነው። ለዳታቤዝ ዋናውን፣ የእርማቱንና የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ስም ሁሉ ይጻፉ። ለኔክስትክላውድና ለመሰሎቹ ሦስቱንም ቁጥሮች ይጻፉ። መረጃ ለማይዝ ረዳት ኮንቴይነር (ከኢሜጅ ተነሥቶ ለሚሠራ ፕሮግራም) ግን ዋናውን ቁጥር ብቻ መጻፍ ይበቃል።

ታጉን በሙሉ ከጻፍኩ በኋላ በውስጡ ያለው ሊለወጥ ይችላልን?

አዎን፣ ይችላል። ታግ ስም ነው፤ የማከማቻው ባለቤት፣ ወይም የባለቤቱን ይለፍ ቃል የሰረቀ ሰው፣ ስሙን ከአንዱ አንስቶ በሌላው ላይ ሊያደርገው ይችላል። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 «ቲጄ አክሽንስ» በሚባለው ስብስብ ውስጥ ባለ አንድ የጊትሃብ መሣሪያ ላይ የሆነው ይኸው ነበር፤ አጥቂዎች የነባር ስሪቶችን ታጎች ሁሉ ወደ አንድ ተንኮል ያዘለ ኮሚት አዛወሯቸው፤ ለወራት የታወቀ የስሪት ቁጥር ሲጠቀሙ የነበሩ ፕሮጀክቶችም በማግስቱ ምስጢራዊ ቁልፎቻቸውን በሥራ መዝገባቸው ላይ የሚያትም ኮድ አሠሩ። ኮሚቱን በሙሉ መለያ ቁጥሩ ጽፈው የነበሩት ከዚህ ተርፈዋል።

በዶከር በኩል ለዚህ ያለው መከላከያ ዳይጀስት ይባላል። ከኢሜጁ ይዘት በስሌት የሚወጣ፣ 64 ሆሄያትና አኃዞች ያሉት መለያ ሲሆን፣ ይዘቱ በጥቂቱ እንኳ ቢለወጥ መለያውም ይለወጣል። ከታጉ ቀጥሎ በ@ ምልክት ይጻፋል። ለማንበብ አይመችም፤ ስለዚህ ለሰው ዓይን ታጉን፣ ለማሽኑ ዳይጀስቱን አንድ ላይ መጻፍ የተሻለ ነው። የሕዝብን የጤና ወይም የገንዘብ መረጃ የሚይዝ ሰርቨር ላይ ይህ ሊታለፍ አይገባም እላለሁ።

ከማሻሻሌ በፊት ምን ዓይነት ባክአፕ መያዝ አለብኝ?

ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ መያዝ አለባቸው፦ ዳታቤዙ፣ የተጠቃሚዎች ፋይሎችና የውቅር ፋይሉ። «በአንድ ጊዜ» የሚለው ቃል እንዲሁ የተጻፈ አይደለም። የዳታቤዙ ቅጂ ከጠዋት፣ የፋይሎቹ ቅጂ ከማታ ከሆነ፣ ሲመለሱ ዳታቤዙ የማያውቃቸው ፋይሎች በዲስኩ ላይ ይገኛሉ፣ ዳታቤዙ የሚያውቃቸው ደግሞ ይታጣሉ። ኔክስትክላውድ ለዚህ የጥገና ሁነታ አለው፤ ሁነታው ሲበራ ተጠቃሚዎች መግባት ስለማይችሉ ሁሉንም ሳይነቃነቅ መቅዳት ይቻላል። የውቅር ፋይሉን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ በውስጡ ግን ያ ሰርቨር ብቻ ያለው መለያና ምስጢራዊ ቁልፍ ስላለ ያለ እርሱ የሚመለሰው ነገር ጎዶሎ ነው።

ዳታቤዙ እየሠራ ሳለ የቮሊዩሙን ፋይሎች እንዲሁ መገልበጥ ባክአፕ አይባልም፤ ግማሹ ከመጻፉ በፊት፣ ግማሹ ከተጻፈ በኋላ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። የዳታቤዙን ይዘት ደምፕ ወደሚባል ፋይል በሚያወጣው፣ ፒጂ ደምፕ በተባለው መሣሪያ ይጠቀሙ። በተራ ጽሑፍ የሚወጣው ፋይል መጨረሻ ላይ ደምፑ መጠናቀቁን የሚገልጽ መስመር ስላለ እርሱን ማየት ዲስክ ሞልቶ በመሐል ያልተቋረጠ መሆኑን ያረጋግጥልዎታል። ከዚያም ፋይሉን ከሰርቨሩ ውጭ ያስቀምጡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሌላ ማሽን ላይ መልሰው ይሞክሩት፤ ተመልሶ ያልተሞከረ ባክአፕ መኖሩ የሚታወቀው በጭንቅ ቀን ነው፣ በዚያን ቀን ደግሞ ጊዜው አልፏል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ዶከር ኮምፖዝን «ዳውን» በሚለው ትእዛዝ ሲያወርዱ ቮሊዩሞችን የሚሰርዘውን «ቪ» የተባለ አማራጭ አይጨምሩ። ከኢንተርኔት የተቀዱ መመሪያዎች «ከባዶ ለመጀመር» እያሉ ይጽፉታል፤ በሚሠራ ሰርቨር ላይ ግን የዳታቤዙን ቮሊዩም ይዞት ይሄዳል።

ብዙ ስሪት ወደ ኋላ ቀርቻለሁ፤ በአንድ ጊዜ ወደ መጨረሻው መዝለል እችላለሁን?

በአብዛኛው አይቻልም። ኔክስትክላውድ ከ28 ወደ 30 በቀጥታ መሄድን አይፈቅድም፤ መጀመሪያ ወደ 28 የመጨረሻ እርማት፣ ከዚያ ወደ 29 የመጨረሻ እርማት፣ ከዚያ በኋላ ወደ 30 መሄድ ያስፈልጋል። ዋና ስሪት ለመዝለል ከሞከሩ ይፋዊው ኢሜጅ ይህ ማሻሻል እንደማይደገፍ ገልጾ አይነሣም፤ ይህም ተጠቃሚውን የሚጠብቅ መልካም አሠራር ነው። ጊትላብም የግድ ሊታለፍባቸው የሚገቡ ማረፊያ ስሪቶች አሉት፤ በየማረፊያው ከጀርባ የሚሠሩ የዳታቤዝ ለውጦች እስኪያበቁ ሳይጠብቁ ወደ ቀጣዩ ማለፍ ዳታቤዙን በመሐል መንገድ ያስቀረዋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ዋና ስሪት ዳታቤዙን ከቀድሞው ቅርጽ ወደ አዲሱ የሚያሻግር ሚግሬሽን ይዞ ይመጣል፤ አዘጋጆቹ አሮጌዎቹን ሚግሬሽኖች ከጊዜ በኋላ ከኮዱ ስለሚያወጧቸው ከሩቅ ለመጣ ሰው ድልድዩ የለም።

በየማረፊያው አገልግሎቱን አስነሥተው፣ ገብተው አይተው፣ አዲስ ደምፕ ይዘው ይቀጥሉ። ሦስት ደረጃ ማለፍ ካለብዎት ሦስቱንም በአንድ ሌሊት ለመጨረስ አይጣደፉ።

የሥራው ቅደም ተከተል ምን ይመስላል?

መጀመሪያ አሁን የሚሠራውን ስሪት ከሶፍትዌሩ ራሱ ይጠይቁ፤ በፋይሉ ላይ የተጻፈውና በእርግጥ የሚሠራው ሊለያዩ ይችላሉ። ከዚያ አሁን ካሉበት እስከሚሄዱበት ያሉትን የስሪት ማስታወሻዎች በሙሉ፣ የመጨረሻውን ብቻ ሳይሆን በመካከል ያሉትንም፣ ያንብቡ። በሚያነቡበት ጊዜ የሚፈለገው የፖስትግሬስና የፒኤችፒ (ኔክስትክላውድ የተጻፈበት ቋንቋ) ስሪት ተለውጦ እንደሆነ፣ የተሻረ ውቅር እንዳለ፣ ተጠቃሚዎችዎ የሚገለገሉባቸው ተጨማሪ አፖች ለአዲሱ ስሪት ዝግጁ መሆናቸውን ይመልከቱ፤ ኔክስትክላውድ ከአዲሱ ስሪት ጋር የማይጣጣም አፕን ሲያሻሽል ያጠፋዋል፣ ጠዋት የሥራ ባልደረቦች «ካላንደሩ የት ሄደ?» ብለው የሚጠይቁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ባክአፑን በሌላ ማሽን ላይ መልሰው፣ በዚያ ላይ ታጉን ለውጠው ልምምድ ያድርጉ። ልምምዱ ሁለት ነገር ያስገኛል፤ ችግሩ በእውነተኛው ሰርቨር ላይ ከመታየቱ በፊት ይታያል፣ ሥራው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅም ይታወቃል። በዚያ ልክ ለተጠቃሚዎች ማስታወቂያ ያውጡ። ሰዓቱን ሲጽፉ ይጠንቀቁ፤ ከኢትዮጵያ ውጭ ያሉ ባልደረቦች ካሉ «ከምሽቱ 3 ሰዓት» የሚለው በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 21:00 መሆኑን አብሮ መግለጽ ያስፈልጋል፤ የሰርቨሩ የሥራ መዝገብ (ሎግ) በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ ያው ቅጽበት 18:00 ተብሎ ይነበባል።

በዕለቱ አዲሱን ኢሜጅ አገልግሎቱ እየሠራ ሳለ አስቀድመው ያውርዱ፤ ማውረድ ብቻውን የሚሠራውን ኮንቴይነር አይነካም። ከዚያ የጥገና ሁነታውን አብርተው ባክአፑን ይያዙ፣ በኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ያለውን ታግ ይለውጡ፣ ለውጡን በጊት ውስጥ በኮሚት ይመዝግቡ፣ ኮንቴይነሩን ያስነሡ፣ የሥራ መዝገቡንም (ሎጉን) እየተከታተሉ ሚግሬሽኑ እስኪያበቃ ይጠብቁ። የዘገየ የመሰለን ሚግሬሽን በመሐል ማቋረጥ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው።

በአንድ ዕለት አንድ ነገር ብቻ ያሻሽሉ። ኔክስትክላውድንና ፖስትግሬስን አብሮ የለወጠ ሰው ችግር ሲገጥመው የትኛው እንዳመጣው መለየት አይችልም።

የፖስትግሬስን ዋና ስሪት ታጉን በመለወጥ ብቻ ማሻሻል ይቻላልን?

አይቻልም። ከ16.4 ወደ 16.6 መሄድ ታግ በመለወጥ ያልቃል፤ ከ15 ወደ 16 መሄድ ግን በዲስክ ላይ ያለው የመረጃ አቀማመጥ ስለሚለያይ ሌላ ሥራ ነው። ፒጂ አፕግሬድ የሚባል መሣሪያ ቢኖርም የሁለቱንም ስሪቶች ፕሮግራም በአንድ ቦታ ስለሚፈልግና ይፋዊው ኢሜጅ አንዱን ብቻ ስለሚይዝ፣ መጠነኛ ለሆነ ዳታቤዝ ቀላሉ መንገድ ደምፕ አውጥቶ መመለስ ነው።

አገልግሎቱን በጥገና ሁነታ አቁመው ከአሮጌው ደምፕ ያወጣሉ። ከዚያ አዲስ ስም ያለው ባዶ ቮሊዩም ሰጥተው አዲሱን ስሪት ያስነሣሉ፣ ደምፑን ወደ እርሱ ይመልሳሉ፣ ዳታቤዙም ስለ ሰንጠረዦቹ ያለውን ስታቲስቲክስ እንዲሰበስብ «አናላይዝ» የሚለውን ትእዛዝ ይሰጡታል። አሮጌው ቮሊዩም ሳይነካ ስለሚቀር፣ ተጠቃሚዎች በአዲሱ ላይ መጻፍ ከመጀመራቸው በፊት ችግር ቢታይ ወደ እርሱ መመለስ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ወደ 18ኛው ስሪት የሚሄዱ ሰዎች ይፋዊው ኢሜጅ ቮሊዩሙ የሚያያዝበትን ማህደር መለወጡን ልብ ይበሉ፤ የቀድሞውን አድራሻ እንዲሁ ገልብጦ መሄድ አይሠራም።

እያንዳንዱ ዋና ስሪት ድጋፍ የሚያገኘው ለ5 ዓመት ስለሆነ ይህ ሥራ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ በዕቅድ ሊያዝ ይገባል።

ካልተሳካ ታጉን ወደ ቀድሞው መመለስ ይበቃልን?

ብዙ ሰው መረጃውን የሚያጣው ይበቃል ብሎ በማሰብ ነው። አዲሱ ስሪት አንድ ጊዜ ከተነሣ ሚግሬሽኑ ሰንጠረዦቹን ለውጧል፤ ዓምድ ጨምሯል፣ ስም ቀይሯል፣ ምናልባትም ሰርዟል። አሮጌው ፕሮግራም ይህን አዲስ ቅርጽ አያውቀውም። ኔክስትክላውድ በዚህ ረገድ ጥብቅ ነው፤ በቮሊዩሙ ላይ ያለው ስሪት ከኢሜጁ ከበለጠ ወደ ኋላ መመለስ እንደማይደገፍ ገልጾ አይነሣም። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀውና የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የሚገለገልበት የጤና መረጃ ሥርዓት፣ ዲኤችአይኤስ 2ም፣ እንዲሁ ነው፤ ዳታቤዙ አንድ ጊዜ ወደ አዲሱ ስሪት ከተሻገረ በኋላ በአሮጌው ስሪት ሊሠራበት አይቻልም። እነዚህ ቢያንስ እምቢ ይላሉ። እምቢ የማይሉ፣ በአዲሱ ቅርጽ ላይ በአሮጌው ዘዴ እየጻፉ መረጃውን ቀስ በቀስ የሚያበላሹ ሶፍትዌሮችም አሉ፤ የእነዚህ ጉዳት የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ በመሆኑ የበለጠ ያስፈራል።

ስለዚህ መመለስ ማለት ታጉንም መረጃውንም መመለስ ነው። ኮንቴይነሮቹን ያቆማሉ፣ የተለወጠውን ቮሊዩም ሳይሰርዙ ለምርመራ ወደ ጎን ያደርጋሉ፣ ከማሻሻሉ በፊት የተያዙትን ዳታቤዝ፣ ፋይሎችና ውቅር ይመልሳሉ፣ ታጉን ወደ ቀድሞው ለውጠው ያስነሣሉ። በመካከሉ ተጠቃሚዎች የጻፉት ነገር ካለ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ለመመለስ ወይም ለመቀጠል የሚወስኑበትን ሰዓት አስቀድመው ይቁረጡ፤ ውሳኔው ተጠቃሚዎች ተመልሰው ከመግባታቸው በፊት መሆን አለበት።

ማሻሻሉ በራሱ እንዲካሄድ ማድረግ ተገቢ ነውን?

እንደ መሣሪያው ይለያያል። ዋችታወር የተጻፈውን ታግ እየተከታተለ ከኋላው ያለው ኢሜጅ ሲለወጥ ኮንቴይነሩን በራሱ ይተካዋል፤ ባክአፕ አይዝም፣ የስሪት ማስታወሻም አያነብም። መረጃ ለያዘ አገልግሎት አልመክረውም። ሪኖቬት ግን አዲስ ታግ መውጣቱን አይቶ በኮምፖዝ ፋይሉ ላይ የሚደረገውን ለውጥ ለግምገማ ያቀርባል፤ ሰው አይቶ ካልተቀበለው ምንም አይለወጥም። ማሽኑ ማስታወሱን ይሥራ፣ ውሳኔው የሰው ይሁን።

የደህንነት እርማት ሲወጣ ምን ያህል መፍጠን አለብኝ?

ሁለት ታሪኮች አብረው ሊታወሱ ይገባል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ሎግፎርጄ በተባለው የጃቫ ላይብረሪ ላይ የተገኘው ክፍተት ይፋ እንደሆነ ወዲያው ጥቃት ስለተጀመረ የዘገየ ሁሉ አደጋ ላይ ነበር፤ የመጀመሪያው እርማት 2.15.0 በቂ ስላልነበረ 2.16.0፣ 2.17.0 እና 2.17.1 በዚያው ወር ተከታትለው ወጡ። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ደግሞ የፖስትግሬስ አዘጋጅ የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ የኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሰርቨር የሚገባበት መንገድ) መግቢያ ያለወትሮው መዘግየቱን ተከታትሎ ኤክስዜድ በተባለው የመረጃ ማመቂያ መሣሪያ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ሆን ተብሎ የተተከለ የጀርባ በር አገኘ፤ በዚህ ጊዜ የተጋለጡት አዲሱን ለመጫን የቸኮሉት ሲሆኑ በተረጋጋው ዴቢያን ላይ የነበሩት ምንም አልነካቸውም።

በእርግጥ የታወቀ ክፍተትን የሚዘጋ እርማት ከሆነና ሰርቨርዎ ለኢንተርኔት ክፍት ከሆነ በዕለቱ ይጫኑት፤ ባክአፑን ግን አይዝለሉ። የሌላው ጊዜ ማሻሻል ይጠብቃል። ትክክለኛው ታግ የተጻፈለት ሰርቨር እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም አለው፤ «የተጠቁት ስሪቶች እነዚህ ናቸው» ሲባል ፋይሉን ከፍቶ ወዲያው መልስ ማግኘት ይቻላል።

ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው፤ መብራትም ይቆራረጣል። ምን ላድርግ?

ኢሜጁን በፈጣን መስመር ላይ አውርደው «ዶከር ሴቭ» በሚለው ትእዛዝ ወደ አንድ ፋይል ያስቀምጡ፤ ፋይሉን በፍላሽ ወስደው በሰርቨሩ ላይ «ዶከር ሎድ» በሚለው ያስገቡት። የአሁኑንም ስሪት እንዲሁ ያስቀምጡ፤ ማከማቻዎች አሮጌ ታጎችን ለዘላለም አያኖሩም፤ ዝግጁ ኢሜጆችን የሚያቀርበው ቢትናሚ እ.ኤ.አ. በ2025 የስሪት ቁጥር ያላቸውን አብዛኞቹን ኢሜጆቹን እርማት ወደማይደርሳቸው የተለየ ማከማቻ ሲያዛውር በአሮጌው አድራሻ ላይ የተመሠረቱ ሰርቨሮች ማውረድ አቅቷቸዋል። መብራትን በሚመለከት ዩፒኤሱ በልምምዱ ከታየው የሚግሬሽን ጊዜ በላይ የሚቆይ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይጀምሩ።

ሶፍትዌሩን በዶከር ሳይሆን ከጊት በቀጥታ ነው ያወረድኩት።

ከዋናው ቅርንጫፍ ላይ «ጊት ፑል» ማድረግ ያላለቀ ሥራ ሊያመጣብዎት ይችላል። ታጎቹን «ፌች» አድርገው የሚፈልጉትን ታግ «ቼክአውት» ያድርጉ፤ በዚህ ጊዜ ከቅርንጫፍ ውጭ መሆንዎን የሚገልጸው መልእክት ስሕተት አይደለም። አልፋ፣ ቤታ ወይም አርሲ የሚል፣ ገና የሙከራ ስሪት መሆኑን የሚገልጽ ቃል የተቀጠለባቸውን ታጎች ለልምምድ ማሽን ይተዉ። አዘጋጆቹ ታጋቸውን በዲጂታል ፊርማ የሚያጸኑ ከሆነ ፊርማውን ያረጋግጡ።

አሮጌውን ኢሜጅና ባክአፕ መቼ ልሰርዝ?

አገልግሎቱ ስለተነሣ ብቻ ሥራው አልተጠናቀቀም። ፋይል መጫን፣ ማውረድ፣ መፈለግ፣ ኢሜይል መላክ፣ በስልክ ያለው አፕ መገናኘቱ፣ በየሰዓቱና በየሌሊቱ የሚሠሩት ተግባራት በትክክል ማለቃቸው አንድ በአንድ መታየት አለባቸው። በወር መጨረሻ ብቻ የሚወጣ ሪፖርት ካለ ያ ሪፖርት አንድ ጊዜ በአዲሱ ስሪት ላይ እስኪወጣ ድረስ አሮጌው ባክአፕ ይቆይ። ዲስክ ቢጠብብ እንኳ ጥቅም ላይ ያልዋሉ ኢሜጆችን ሁሉ የሚያጠፋውን የዶከር «ፕሩን» ትእዛዝ ከመስጠትዎ በፊት የቀድሞውን ኢሜጅ ወደ ፋይል አስቀምጠው፣ ከደምፑና ከውቅሩ ጋር ስሪቱና ቀኑ በተጻፈበት አንድ ማህደር ውስጥ ከሰርቨሩ ውጭ ያኑሩት።